የጋሽ አያና ባለ ሁለት አፈሙዝ

ዘካሪያስ ቃሊቲ ላይ የፍሬን ሸራ ይሸጣል፤ ልቡ ያለው ግን አሮጌ ጠመንጃ ላይ ነው። ሌላው ነጋዴ ገንዘብ ሲይዝ ፎቅ ይሠራል፣ እሱ ፈቃድ አውጥቶ ጠመንጃ ይሰበስባል። ሚስቱ ዓሊያ፣ ሌላ ሚስት ቢያገባብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሷ እንኳ እንደ ጠመንጃዎቹ ይህን ያህል ዘይት አትጨርስም እያለች ትቀልድበታለች።

ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው የጋሽ አያናን ባለ ሁለት አፈሙዝ ነበር። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን የተገጠሙ፣ ለዝሆን የማይበቃ ለአጋዘን ግን የማያንስ ጥይት የሚጎርስ፣ የአያና አባት አንድ ፈረንጅ አዳኝ መርተው በስጦታ ያገኙት ነው። የእርሻ መሬታቸው ለልማት ከተወሰደ በኋላ ከአባት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዘካሪያስ ገላን ኮንዶሚኒየም እየተመላለሰ ለዓመታት ለመናቸው። በመጨረሻ ጋሽ አያና፣ በቁሜ አልሸጠውም፣ ስሞት ግን ከዘካሪያስ ሌላ ማንም እንዳይወስደው ብለው እሱ ባለበት ለሚስታቸው ለወይዘሮ ፀሐይቱ ተናዘዙ።

ዘካሪያስ ያን ቀን አንድ ነገር አደራ አለ፤ ማንም እንዳይወለውለው። የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋው አለመነካቱ ነው፣ ሠሪው የቀረጸበት ጌጥና ያረጀው የብረቱ ቀለም ከጠፋ የሰብሳቢ ዓይን አይሞላም አላቸው። ወይዘሮ ፀሐይቱ ሻይ እየቀዱ ይሰሙ ነበር።

ጋሽ አያና ክረምት ላይ ሞቱ። አርባቸው እንደወጣ ወይዘሮዋ ደወሉለት፤ ፈቃዱን ልጃቸው ሞቲ በስሙ አዙሮታል፣ መጥተህ እይና ዋጋውን ንገረኝ አሉት። ዘካሪያስ ጉጉቱን ደብቆ ሄደ። ገዢ መውደዱን ካሳየ ተበላ ማለት ነው።

ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቀው። ሲገልጠው ብረቱ እንደ ሠርግ ትሪ አብለጨለጨ። የሠሪው ስም የለም፣ የተቀረጸው ቅጠልና ሐረግ የለም። የሟች ዕቃ ቆሽሾ ለሰው አይሰጥም ብለው ሠፈር ባለ ብረታ ብረት ቤት በማሽን እንዳስፈገፈጉት ወይዘሮዋ ነገሩት። የዘካሪያስ ደም ፈላ። እንዲህ ያለ ጥፋት ያደረሰ ሌላ ሰው ቢሆን በስድብ ያጥበው ነበር።

ቢሆንም እጁ ከልማዱ አልወጣም። ከፈተው፣ ውስጡን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። ሁለቱም አፈሙዞች ደህና ናቸው። መልሶ ሲዘጋው እንደ ድሮው ያለ ድምፅ ገጠመ። ገበያ ላይ ዋጋው ቢወድቅም እሱ ግን አሁንም ወደደው። ከዚያ ሰደፉን ገለበጠ።

እንጨቱን ማንም አልነካውም። የጋሽ አያና ጉንጭ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ጠቁሮ፣ በላብ ወዝቶ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም በቅርቡ ቅቤ ተቀብቷል። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ጠመንጃው ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር አልተነቀለም።

ያን ጊዜ ገባው። ሴትዮዋ የሟች ቃል ማፍረስ አይችሉም፤ ጠመንጃውንም ከቤት ማውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ያኔ ማንም እንዳይወለውለው ሲል የሰሙትን ይዘው ብረቱን ሆን ብለው አስፈገፈጉ፤ እንቢታውን በገዢው አፍ አስቀመጡት። ንዴቱ በረደና ሐዘን ገባው። ቢሆንም አሁን አንስቶ ቢሄድ የሚከለክለው አልነበረም።

"ስንት ያወጣል?" አሉት፣ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው።

ዘካሪያስ ጠመንጃውን ጨርቁ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

"ምንም አያወጣም እትዬ። አልፈልገውም።"

"አያና ግን ያንተ ነው ብሎ ነው የሞተ።"

"ሰዎች ሲጠይቁዎት ዘካሪያስ አይቶ ጠላው ይበሉ። ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ፀሐይቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሚስማሩ ጋ እንደማይደርሱ፣ የሚሰቅለው ሁልጊዜ አያና እንደነበር ነገሩት። ዘካሪያስ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ ወጣ። የጋሽ አያና ጉንጭ ያረፈበትን ጎን ወደ ቤቱ አዙሮ ሰቀለው።