ቀጀላና ጂራታ በምን ሞቱ?

ሥርጉት አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ላይ ሦስት ሳምንት ተደፍታ ከረመች። ሥራዋ ለአንድ የጤና ጥናት በኮሮናው ጊዜ ከወትሮው በምን ያህል የበለጠ ሰው እንደተቀበረ ማውጣት፣ ከዚያም የሟቾቹን ቤት እያፈላለገች ቤተሰቡን መጠየቅ ነበር። ሐኪም ሳያየው ቤቱ የሞተ ሰው ምን እንደገደለው ሊናገር የሚችለው ያስታመመው ብቻ ነውና።

በነሐሴ 2012 ገጽ ላይ «ቀጀላ፣ 63 ዓመት፣ ልብ ድካም» የሚል አገኘች። ሚያዝያ 2013 ላይ አቃቂ በሰቃ ሰፈር፣ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዳሲቱ ቤት ሄደች።

«በልብ ነው የሞተው። ይኸው፣ ጻፊው» አሏት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«እጽፋለሁ እማማ። ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ አለብኝ።»

ትኩሳት? አልነበረውም። ሳል? እሱም አልነበረም።

«ምግብ ይበሉ ነበር?»

«ወጡ ጨው የለውም ብሎ ሁለቴ መለሰልኝ። ነበረው እኮ! እኔው ራሴ ቀምሼዋለሁ። ሽንኩርቱም አልሸተተኝም ሲለኝ ተቆጣሁት።»

ሥርጉት ይህን መልስ በአሥራ አንድ ቤት ሰምታዋለች። መልሱን የምትሞላበትን ታብሌት ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ስማቸው ለማንም አይሰጥም። መቃብራቸውንም የሚነካ የለም» አለች ቀስ ብላ።

ወይዘሮ ዳሲቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ስድስት ቀን ሲስል ሰነበተ። ያኔ ኮሮና ነው ከተባለ ሬሳውን የማናውቃቸው ሰዎች ይወስዱታል፣ ቀባሪም የለውም ይባል ነበር። ቀጀላ የማንም ለቅሶ የማይቀርበት ሰው ነው። እንዴት ብዬ ብቻውን ልቅበረው? ልብ ነው አልኩ። ድንኳኑ ጢም አለ። የገነዘው ጂራታ ነው፣ የልጅነት ጓደኛው። እሱም በሁለተኛው ሳምንት ሞተ።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አይደለም» ብላ ልትገላገል ፈለገች፤ ግን እርግጠኛ ያልሆነችውን መናገር አልወደደችም።

«ከማን እንደያዛቸው ማንም ሊያውቅ አይችልም እማማ። በሽታው ያኔ በየሰፈሩ ነበር» አለች። «የአቶ ጂራታ ሞት መዝገቡ ላይ ታይፎይድ ተብሎ ነው የተጻፈው። እሳቸውም ቤት ሄጄ መጠየቄ አይቀርም።»

ወይዘሮ ዳሲቱ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። «ነይ። የጂራታ ሚስት ከውሲ እዚሁ ታች ናት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገራት።»

ወይዘሮ ዳሲቱ ስምንት ወር ሙሉ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም ነበር። ባጃጆቹ እየጮሁ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ሥርጉትም አብራቸው ቆመች።

ወይዘሮ ከውሲ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው ደነገጡ። ወይዘሮ ዳሲቱ ግቡ እስኪባሉ ሳይጠብቁ እዚያው ደጃፉ ላይ ሁሉንም ተናገሩ።

«ጂራታ እኮ ያውቅ ነበር» አሉ ወይዘሮ ከውሲ። «በመስኮታችሁ ሥር ሲያልፍ ሳሉን ሰምቷል። አትሂድ ብዬ ለመንኩት፤ ቀጀላን ሌላ ሰው አይገንዘውም ብሎኝ ወጣ። እኔ በሱ አልተቀየምኩሽም። ባሌን ስቀብር የት ነበርሽ? ለቅሶዬን እንኳ ሳትደርሺ ቀረሽ!»

«ፊትሽን ማየት አቃተኝ።»

«ስምንት ወር ብቻዬን አለቀስኩ፣ ዳሲቱ።»

ወይዘሮ ከውሲ የወይዘሮ ዳሲቱን ክንድ ይዘው አስገቧቸው። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሥርጉትም ጥግ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ማስኳ በእንባ ረጥቦ ነበር።

ሲረጋጉ ወይዘሮ ከውሲ ወደሷ ዞሩ። «በይ፣ ጠይቂኝ።»

ጠየቀቻቸው፤ ትኩሳቱን፣ ሳሉን፣ ትንፋሹ ማጠር የጀመረበትን ቀን። ሁሉንም መለሱላት። አመስግና ስትወጣ ሁለቱ ሴቶች አልተነሡም። ወይዘሮ ዳሲቱ የጓደኛቸውን እጅ እንደያዙ፣ በሥርጉት ቅጽ ላይ የሌለውን ይጠይቁ ነበር፤ ጂራታ በመጨረሻ ምን እንዳለ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ቀብሩ ላይ ማን ማን እንደመጣ።