የማያልቀው ስፌት

በቤታችን ሕግ የተቀደደ ልብስ እያለ ጥልፍ አይነካም። እህቴ የተቀደደውን ሳሎን እናታችን አጠገብ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ሲያልቅ ጥልፏን ይዛ መኝታ ቤቷ ትገባና በሯን ትዘጋለች። ሰሞኑን ግን የሚሰፋው አላልቅ አለ፤ አንድ ቀን የመጋረጃው ጠርዝ ይተረተራል፣ ሌላ ቀን የሸሚዜ ቁልፍ ይወልቃል።

«አንተ ቁልፍ ትበላለህ እንዴ?» አለችኝ ሸሚዜን እያገላበጠች። «ትናንት እኮ ነው የተከልኩልህ!»

«ምን አደረግኩ፣ እህት ዓለም? ሳወልቀው ደህና ነበር።»

የቀረውን ክር ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። በራሱ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይተረተራል፤ ይሄ ግን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት፤ ጥልፉ ሰልችቷት ሰበብ የምትፈልግ መሰለኝ።

በማግስቱ ሸሚዜን ሳሎን ወንበር ላይ ትቼ እሷን ልይዝ በር ጀርባ ቆምኩ። የመጣችው ግን እናቴ ናት። ግራ ቀኙን አየች፤ ከኪሷ መቀስ አወጣችና አንዱን ቁልፍ ቀጭ!

«እማዬ!» አለች እህቴ ከኋላዬ። ለካ እሷም እኔን ስትጠብቅ ኖሯል።

«ላልቶ ነበር» አለች እናቴ መቀሱን እየደበቀች። «ወድቆ ከሚጠፋ ብዬ ነው።»

«የመጋረጃው ጠርዝስ? እሱም ሊጠፋ ነበር?»

እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ጥልፍሽን ስትይዢ በር ትዘጊያለሽ። እኔ ከግድግዳ ጋር ላውራ?»

እህቴ ጥልፏን አምጥታ እናታችን ጎን ተቀመጠች። መቀሱን ግን ተቀብላ ከጭኗ ስር ሸጎጠችው።