ከሠላሳ ቀጥሎ ሠላሳ አራት

ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት፣ የሉም፣ መደርደሪያው ላይ የሉም፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የሉም፣ የሌላውን ዓመት የጋዜጣ እስር ሁሉ ፈትቼ አይቻለሁ፣ እዚያም የሉም፣ ግን የሉም ማለትና ጠፍተዋል ማለት አንድ አይደለም፣ ይኼን ነው ለሜሪ ማስረዳት ያለብኝ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልንተባተብ።

መነጽሬን ልጥረግ።

ጠያቂ የሚባል ጋዜጣ፣ ሳምንታዊ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ፣ የ1995 ዓመት። ከተዘጋ ቆይቷል፣ የኮልፌ ጋዜጣ ነበር፣ ስለ ዘነበወርቅ ውሃ፣ ስለ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ፣ ስለጠፋ ሰው፣ ስለተገኘ በግ፣ ትልልቆቹ ጋዜጦች ዞር ብለው የማያዩትን የሚጽፍ፣ አሁን ቤተ መጻሕፍታችን ወደ ጠባብ ቤት ይዛወራል፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ከላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፣ ሙሉ የሆነ ዓመት አብሮ ይሄዳል፣ ጉድለት ያለበት ለወረቀት ፋብሪካ ይጫናል፣ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ጫኞቹ ሲተራረቡ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ሜሪ ኃላፊያችን ናት፣ የልጄ እኩያ፣ ትእዛዙን እሷም አልወደደችውም። ጋሽ ሀብቴ፣ አለችኝ ጠዋት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፣ ሦስት ቁጥር ተዘሎ ሲያይ ጎደለ ብሎ ቀይ አደረገው፣ እርስዎ መርምረው ሙሉ ነው ካሉኝ እሟገትልዎታለሁ፣ ግን ምክንያቱን ጽፈው ይፈርሙልኝ።

ይፈርሙልኝ። ስድስተኛ ክፍል፣ እሱም የማታ፣ ፊርማዬ ስሜን ሙሉውን መጻፍ ነው፣ ሀብተሥላሴ፣ ማንም የሚያነበው፣ ብሳሳትስ፣ ነገ አንድ ሰው ሠላሳ ሁለትን በብብቱ ሸጉጦ ቢመጣስ፣ ያ ሽማግሌ ዋሽቶ ፈረመ ቢባልስ።

ቆይ። ተረጋጋ። ቁጥሩን ተወውና ቀኑን እይ።

ሠላሳ የወጣው ሚያዝያ ዐሥራ አንድ፣ ሠላሳ አራት ሚያዝያ ሃያ አምስት፣ በመሃል ያለችው አንዲት ቅዳሜ ናት፣ በአንዲት ቅዳሜ ሦስት ጋዜጣ አይወጣም፣ ስለዚህ ሁለቱ እዚህ አልጠፉም፣ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ወረቀቱ ይሰባበራል፣ በቀስታ፣ ታኅሣሥ ላይ ዐሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ጥር ላይ ዐሥራ ሰባት፣ ቁጥሩ አልዘለለም፣ የገና ሰሞን ቅዳሜ ግን የለችም፣ አልፎ ደግሞ ጥር ዐሥር የለም፣ ጥር ዐሥር ምንድን ነው፣ ከተራ ነዋ፣ በከተራ ማን ይሠራል፣ ቁጥሩ አሁንም ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ያቺ የሚያዝያ ቅዳሜስ፣ ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ሦስት ቅዳሜ አርፈዋል፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ቁጥር ዘለዋል። ዕዳቸውን በአንዴ ከፈሉ።

ያውልህ። እንዲህ ነው።

ቢሆንም ልጠይቅ፣ መጠየቅ አያሳፍርም፣ የጋዜጣውን ገጽ ያቀናጅ የነበረው ፍቅረማርያም ሳንሱሲ ሰፈር ይኖራል፣ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያነሳል። ሀብቴ ነኝ። እንዴ፣ አልሞትክም ይለኛል። አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ እለዋለሁ፣ ይስቃል፣ ሳሉ ይቀድመዋል፣ ነገሩን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፣ ሠላሳ አንድን አስታውሳለሁ ይላል፣ የበግ ዋጋ ያለበት የፋሲካ እትም፣ በዚህ እጄ ነው ያቀናጀሁት።

ልጽፍ ያነሳሁትን ብዕር አስቀምጣለሁ።

ታትሟል ወይ ፍቅሬ፣ አስብ፣ ታትሞ በእጅህ ይዘኸዋል ወይ።

የት ታትሞ፣ ይላል፣ ማተሚያ ቤቱ ለበዓል ዘግቶ ጠበቀን፣ የለፋሁበት ገጽ እንዲያው ቀረ፣ አለቃችን ደግሞ ለደንበኞቹ በዓመት ሃምሳ ሁለት እትም ብሎ ፈርሟል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ተኝተን ከርመን ከፋሲካ ስንመለስ፣ ሠላሳ አራት በለው አለኝ፣ አልኩት፣ ማን ሊቆጥር ነው ተባብለን፣ ለካ አንተ ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ፣ ሥራ ፈት።

አንተ ጋ የተረፈ አለ ወይ እለዋለሁ። አከራዬ ግድግዳ ለጠፈችበት ይላል፣ ቀልዱን ነው ብዬ እጠብቃለሁ፣ አይስቅም።

ሀብቴ፣ የቀረን ያ አንተ ጋ ያለው ነው። እንዳታስጭነው።

መጨረሻውን ልይ፣ ሃምሳ ሁለት ጳጉሜን አንድ ላይ ይውላል፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ልክ ገጠመ፣ ብዕሩን አንስቼ እጽፋለሁ። በእጅ ያሉት ከቁጥር 1 እስከ 30፣ ከ34 እስከ 52። ቁጥር 31፣ 32 እና 33 አልታተሙም። በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ጋዜጣው ባለመውጣቱ ቁጥሩ ከ30 ወደ 34 እንዲዘል ተደርጓል። ጉድለት የለውም።

ሜሪ ከጀርባዬ ቆማ ታነባለች፣ ማን እንደነገረዎትም ይጨምሩበት ጋሽ ሀብቴ ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ እጨምራለሁ፣ የጋዜጣው ገጽ አቀናጅ አቶ ፍቅረማርያም በስልክ አረጋግጠዋል፣ እርግጠኛ ነዎት ትለኛለች፣ ነኝ። ነኝ። ስሜን ሙሉውን እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ ኮምፒውተሯ ትሄዳለች፣ ትጽፋለች፣ ቀዩ ይጠፋል።

አንዱ ጫኝ ይገባል፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ እጁን እስሩ ላይ ያሳርፋል፣ ፋዘር፣ ይኼም ይጫናል አይደል።

አይጫንም ልጄ፣ ሙሉ ነው።

እጁን ያነሳል፣ ይወጣል፣ እስሩን በሲባጎ ጠበቅ አድርጌ ወደሚሄዱት ጎን አስቀምጣለሁ፣ ቀጣዩን ወደ ራሴ እስባለሁ፣ 1996፣ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ እንደገና ቁጥር ሁለት። እሺ ፍቅሬ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው።