ለአንድ ቀን የተወተፈች ወረቀት

ቴክኒሻኑ ሶኬቱን ነቀለ፣ እስከ አሥር ቆጠረ፣ መልሶ ሰካው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች፤ ኃይልስ አለ። አረንጓዴዋ ግን እንደ ጠዋቱ ዝም። ይህቺ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ሚሞሪ ካርዷን ማንበብ ስትጀምር አረንጓዴዋ ድርግም ድርግም ትላለች፤ ያን ጊዜ ተነሣች ይባላል። ዛሬ አልተነሣችም። ከአጠገቧ ያቆመው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፤ ማከማቻ አልተገኘም ይላል።

ሥራዋ አንድ ነው። የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ፍሪጅ ሙቀት ትጠብቃለች፤ ከልክ ካለፈ እስከ ጥበቃዎቹ ቤት የሚሰማ ደወል ታስጮኻለች። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመለስ የፍሪጁ ብሬከር ጥሎ ፍሪጁ እንደጠፋ ቀረ። መጮኽ የነበረባት እሷም አብራ ተኛች። ሰኞ ጠዋት ኢንሱሊኑም ክትባቱም ለብ ብሎ ተገኘና ሁሉም ለመጣል በካርቶን ታጨቀ።

ጥፋተኛ ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ቅዳሜ ከዚያ ክፍል መጨረሻ ላይ የወጡት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። አምና ደግሞ የወለል ማሽን ለመሰካት ብለው የዚህችኑ ኮምፒውተር ሶኬት ነቅለው ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ከዚህ በኋላ ማን ይመራመራል?

አስተዳዳሪው አንገቱን በበሩ አስገባ።

"እህሳ፣ ተገኘ?"

"ገና እያየሁ ነው።"

"ምኑን ነው የምታየው? ሴትዮዋ ነቅለው በደንብ ሳይሰኩት ሄደዋል፣ አለቀ። እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝና ሪፖርቱን ልላከው።"

"አመኑ እንዴ?"

"ጠዋት ሲምሉ ሲገዘቱ ነበር። አሁን ለስለስ ብለዋል። ካመኑ በሰላም እናሰናብታቸዋለን። ካላመኑ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ያኔ እኔም አልደርስላቸውም። ለጡረታ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው፣ ያሳዝናል።"

"ምናልባት የዕቃው ብልሽት ቢሆንስ?"

"ይሁና! ማን ነካካው ይሉኛል። እዚህ ክፍል መወልወያ ይዞ የሚገባው ማን ነው? ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።"

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው ነው። ሰዓቱን አየና ሄደ።

ቴክኒሻኑ ቻርጀሩን ለወጠ። ገመዱን ለወጠ። ስክሪኑ ደህና እየታየው የስክሪኑንም ገመድ ለወጠ። ካርዱ የሚገባበት ቦታ ከኮምፒውተሯ ክዳን ሥር ነው፤ ክዳኑን የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ መፍቻውም እጁ ላይ ነው። እጁ ግን ክዳኑን እየዞረ ሌላ ሌላውን ይነካካል። ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ ያውቃላ!

በመጨረሻ ፈታው። በካርዱና በክዳኑ መካከል ተወትፋ የነበረች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ሙቀት ቡናማ አድርጓት፣ ደርቃ ሳስታለች።

ከሰባት ወር በፊት የካርዱ ማስገቢያ ላልቶ አልይዝ ሲል የወተፋት እሱ ነው። ጥገና ክፍል ውስጥ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፤ ወረቀት አጥፎ ካርዱን ጫን። ማስገቢያው ያለበት አዲስ ቦርድ እስኪመጣ፣ ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት። ወረቀቷ ራሷ ለአዲሱ ቦርድ የሞላት የመጠየቂያ ቅጽ ናት፤ ቀኑን ተሳስቶ ስለጻፈባት ሌላ ሞላና ይህቺን ለመወተፊያ አዋላት። ስሙም ፊርማውም እላይዋ ላይ አለ። ቦርዱ ደግሞ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ከነማሸጊያው መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። መቀየሩ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ኮምፒውተሯም ትሠራለች፣ የሚሠራ ዕቃ ማን ይነካል እያለ፣ ዛሬ ነገ እያለ ከረመ።

አሁንም ትንሽ ተስፋ ነበረው። ካርዱ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ካርዱ ደህና ነው፤ የሙቀት መዝገቡ አንድም ሳይጎድል አለ። የመጨረሻው የተመዘገበው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መብራት የሄደበት ደቂቃ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተዋል። እሳቸው ከወጡ በኋላ ኮምፒውተሯ አራት ሰዓት ሙሉ ስትሠራ ነበር። ሶኬት የነቀለ የለም።

አዲስ ካርድ አስገባ፤ አልታየም። የድሮውን መለሰ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሶኬቱን ሰካ። አረንጓዴዋ ድርግም፣ ድርግም አለች። ጣቱን ሲያነሣ ጠፋች።

ወረቀቷ ኪሱ ብትገባ ማንም አያውቅም። አዲሱን ቦርድ ያስገባል፣ ዕቃው አርጅቶ ነው ብሎ ይጽፋል፣ በቃ። ሁለት ልጆች አሉት፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የለውም። ግን እንዲያ ቢጽፍም ማን ነካካው ይባላል፤ ማን ተብሎ እንደሚመለስ ደግሞ አሁን ከአስተዳዳሪው አፍ ሰምቷል።

"ልጄ፣ ልግባ?"

የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆመዋል። ሳያስበው ወረቀቷን በመዳፉ ሸፈናት።

"ይግቡ እማማ።"

ወትሮ ቀልደኛ ናቸው። ሲወለውሉ ከደረሱበት፣ "እግርህን አንሣ፣ ኢንጂነርም ቢሆን ይወለወላል" ይሉታል። ዛሬ ወለሉን እንኳ አላዩትም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። መወልወያ ቢነካው፣ እንዲሁ ጫፉ ብቻ ቢነካው፣ ይሄ ነገር እንዲህ ይሆናል?"

"ለምን ጠየቁኝ?"

"አልነካሁም እያልኩ ነበር። ግን ሁሉም ሰው ነክተሻል ሲለኝ፣ ሳስበው ጊዜ፣ የጠረጴዛውን እግር ገፋ ያደረግኩት መሰለኝ። ዕድሜ ነው፣ ረስቼው ይሆናል።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ጠዋት ኢንሱሊን ብላ መጥታ ባዶ እጇን የተመለሰችውን ልጅ አይተሃታል? እናቷ ሌላ ቦታ እስክታገኝላት ምን ትሆን? በእኔ የተነሣ ነው እኮ።"

ቢክዱ፣ ቢጮኹ፣ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን የእሱን ጥፋት ከራሳቸው ትዝታ ውስጥ ሲፈልጉ ውለው አገኘሁት እያሉ ነው። ልጅቷንም ባዶ እጇን የመለሳት እሱ ነው። በራሱ አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

"ይኸው፣ ፈርሚ አሉኝ" አሉና የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "ነገር ከሚረዝም ብፈርም ይሻላል። እስክሪብቶ አለህ? የእኔው አልጽፍ አለኝ።"

እስክሪብቶው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ይታያል። የለኝም ማለት አይችልም። አወጣው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ በረኪና የላጠው፣ መጋጠሚያዎቹ ያበጡ እጅ ነው።

አልሰጣቸውም። የጥገና ቅጹን ጎትቶ፣ የብልሽቱ ምክንያት ከሚለው ሥር መጻፍ ጀመረ። ሦስት መስመር በቃው። የካርዱ ማስገቢያ ከላላ ሰባት ወሩ እንደሆነ፣ ወረቀት የወተፈበት እሱ እንደሆነ፣ አዲሱ ቦርድ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ጻፈ። ቀኑን ሁለቴ አይቶ ፈረመ። ከዚያ መዳፉን አንሥቶ የታጠፈችውን ወረቀት ዘረጋት፣ ፊርማው በሚታይበት በኩል አደረጋትና ከቅጹ ጋር በስቴፕለር መታት።

እሳቸው ምን እንደሚሠራ አልገባቸውም።

"ጨረስክ ልጄ? በል አሁን አውሰኝ።"

"እርስዎ የሚፈርሙት የለም እማማ" አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው። "ይልቅ ያን ወረቀት ይስጡኝ። አስተዳዳሪው ጋ ሁለቱንም ይዤ ልግባ።"