ላም የሌለበት ቅቤ

፩.

እናቴ ከስታለች።

ሐኪሙ «ቅባት ያስፈልግዎታል» አላት። እሷ «ሁዳዴ ነው» አለችው። የሱቁ ዘይት ጨጓራዋን ያቃጥላታል። በቃ፣ ቀሚሷ በየሳምንቱ እየሰፋት ሄደ። ፈራሁ።

፪.

እኔ ትርሲት ነኝ፤ ሥራዬ እርሾ መቀለብ። አዎ፣ ያው ዳቦ የሚነፋው እርሾ። እኔና ባልደረባዬ ደምሰው ዘረመሉን ነካክተነው፣ ስኳር በበላ ቁጥር ስብ ያጠራቅማል። ቁርጥ ቅቤን የሚመስል! ደምሰው «ምርት ቁጥር አንድ» ይለዋል። እኔ «የእማዬ» እለዋለሁ።

ምርመራውን አለፈ። ይበላል ተባለ። ደወልኩላት።

፫. (ቃል በቃል)

እናቴ፦ ላም አለበት?

እኔ፦ የለበትም።

እናቴ፦ ወተትስ?

እኔ፦ እማዬ፣ ላም ከሌለ ወተቱ ከየት ይመጣል?

እናቴ፦ አትቀልጂብኝ! መምሬን ልጠይቅ።

፬.

የንስሐ አባቷ መምሬ ጥበቡ «ስኳርና እርሾ ከሆነማ ምን ችግር አለው? ለእኔም አስቀሩልኝ» አሉ።

እልልልል!

፭.

መመሪያ ለአንባቢ፦ ድንች ቀቅሉ። በትኩሱ ቅቤውን ጣል አድርጉበት። ሲቀልጥ ትንፍሽ እንዳትሉ። የእናቴን ፊት ብቻ እዩ።

፮.

ጎረሰች። ፊቷ በራ።

ከዚያ

«ቱፍ!»

«ምነው እማዬ?»

«ቅቤ ነው!»

«በማርያም፣ ከስኳር ነው የተሠራው!»

«ቅቤ ሳላውቅ ነው የሸበትኩት? ልታስገድፊኝ ነው?»

«መምሬ ፈቅደዋል እኮ!»

«መምሬ መቼ ቀመሱት? ደስ ብሎኝ ልውጠው ነበር እኮ። ደስ ብሎኝ! በሁዳዴ!»

፯.

ለሙያዬ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላገኝም። ለእኔ ለልጇ ግን መርዶ ነው። እየሳቅኩም እየተናደድኩም ወደ ላቦራቶሪ ተመለስኩ።

፰. (ይህም ቃል በቃል)

እኔ፦ ጣዕሙን እናጥፋው።

ደምሰው፦ አብደሻል? ስንት የለፋንበትን!

እኔ፦ ሽታውንም ጭምር።

ደምሰው፦ እና ምን ሊቀረው ነው?

እኔ፦ ስቡ። እሷን የሚያወፍራት እሱ ነው።

፱.

ሌላ ድንች። አዲሱ ቅቤ።

እናቴ አላመጠች። ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው! አይ ልጄ፣ ሙያሽ እንዲህ ይውረድ?»

«ይቅርብሽ እንግዲህ» አልኩና ሳህኑን ላነሳ እጄን ሰደድኩ።

እጄን መታችኝ።

«ጨምሪልኝ።»

፲.

የላቦራቶሪ ቅጽ

ናሙና፦ ሁለተኛው ቅቤ

ቀማሽ፦ እናቴ

ጣዕም፦ የለውም

ሳህኑ፦ ተጠርጓል

ውጤት፦ ደምሰው «አልተሳካም ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። እኔ በሳቅም በእንባም እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኛል። እንካችሁ፣ እናንተ ሙሉልኝ፦

____________