የወርሳሜ አውራ ጣት

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሃምሳዎቹ ሲጋመሱ። ወርሳሜ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ማሽላ ሲሰፍር ሃያ ዓመት ሆኖታል። ጣሳውን ከጆንያው ሲያወጣ አውራ ጣቱ ከጣሳው አፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እሷ የያዘችውን ቦታ ደግሞ ማሽላው አይይዘውም። ሌባ ቢሉት ግን ክፉኛ ይቀየማል። ሰፋሪ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ደግሞስ ማን አየ፣ ባይ ነው።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ልጁ ዳሃቦ ነበረች። ዳሃቦ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በተከፈተ አንድ የግል የድሬሰር ትምህርት ቤት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ትማራለች። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ሴቶቹ አራት ናቸው፤ ከአራቱ የቀፊራ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ትምህርቱን ከጀመረች ሁለት ወር ሳይሞላት አባትየው "ልጄ ሐኪም ናት" እያለ ገበያውን አደነቆረው። ጎረቤቱ ቅመም ሻጩ አብዲቃድር ሳል ቢይዘው እንኳ እሱ ፊት አይስልም፤ ከሳለ ስለ ዳሃቦ የአንድ ሰዓት ወሬ መስማቱ ነው።

ጣጣው የመጣው በመጨረሻው ፈተና ነው። በትምህርት ቤቱ ደንብ ተማሪው ክትባት የሚወጋውን ሰው ከገዛ ቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ዘመዱ ያላመነውን ማን ያምነዋል ነው ነገሩ። ሰው ያላመጣ አይፈተንም፣ ያልተፈተነም ወረቀቱን አያገኝም። እናቷ ሃዎ እሺ ብላ ነበር፤ በዋዜማው ግን ጀልዴሳ ያለች የራሷ እህት ምጥ ያዛትና ወደዚያው ሄደች። ቤት የቀረው ወርሳሜ ነው።

ወርሳሜ ደግሞ መርፌ ይፈራል። መቶ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰውዬ፣ የፈንጣጣ ከታቢዎች ገበያ የገቡ ቀን አጥር ዘሎ እስኪመሽ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተደብቆ መዋሉን ያላወቀ የለም። ዳሃቦ ስትጠይቀው መጀመሪያ ሥራ አለብኝ አለ፣ ቀጥሎ ወገቤን አለ። እሷም አልለመነችውም፤ ነጭ ጋዎኗን አጥባ ተኮሰች። ያን ጋዎን ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አየው። ይህን ሁሉ ሲጮህ የከረመው እሱ ነው፤ አሁን በእሱ ፍርሃት ብትቀር በምን ፊቱ ቀፊራ ይገባል? በማግስቱ ሽርጡን ቀይሮ፣ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጡ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የዳሃቦ አስተማሪ ሲስተር ሸዋገነት ሰዓት ይዛ ቆማለች። ለአንድ ተማሪ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ደቂቃ አይጨመርም። መርፌው ቡታጋዙ ላይ አሥር ደቂቃ ሲቀቀል ወርሳሜ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረሰ። ክንዱ በአልኮል ሲቀዘቅዝ አንድ ዓይኑን ከፈተ። ምነው ባልከፈተ! ዳሃቦ ስትዞር የመርፌው ጫፍ የጋዎኗን እጅጌ ነካ። ፈታኙ አቀርቅረው ይጽፋሉ፣ ሸዋገነት ሰዓቷን ታያለች። እጅጌው እንደሆነ ትናንት የታጠበ ነው።

የዳሃቦ እጅ ቆመ።

"ማን አየ?" አላት ወርሳሜ ቀስ ብሎ በሶማልኛ። "ውጊኝና እንገላገል።"

"እኔ አይቻለሁ፣ አባ።"

ቀና ብላም በአማርኛ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ መርፌው ልብስ ስለነካ እንደገና መቀቀል አለበት አለች። ሸዋገነት ደንግጣ ሰዓቱን አሳየቻት፤ የቀረው አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ዳሃቦ መርፌውን ውሃው ውስጥ መለሰችው።

እነዚያን አሥር ደቂቃዎች ወርሳሜ ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም። እንደምንም አሰባስቦ ያመጣትን ወኔ ጨርሷታል፤ ሌላ ከየት ያምጣ? ውሃው ይንተከተካል፣ በሩ ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፈታኙ ላቡን አይተው አዘኑለትና፣ ከፈሩ መሄድ ይችላሉ አሉት። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ ብሎት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ወርሳሜ ማንን ነው ብሎ ዞሮ አየ። ዳሃቦ ግን አልዞረችም፤ ዓይኗ ከውሃው አልተነቀለም። አንጀቱን የበላችው ያኔ ነው። ይህች ልጅ ስንት የደከመችበትን ወረቀት አደጋ ላይ የጣለችው ለእሱ ክንድ ብላ ነው።

"ልጄ ናት፤ የትም አልሄድም" አለ፣ ወንበሩን ጨብጦ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ወጋችው። አልጮኸም፣ አልወደቀምም። እንባው ግን ወረደ፤ ከመርፌው አልነበረም፣ ኩራት ነው። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ ፈጣን እጅ ብዙ ማየታቸውን፣ የራሳቸውን ልጅ የሚያስወጉት ግን በዚህች እጅ መሆኑን ለሸዋገነት ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ያለፉት ስም በሩ ላይ ሲለጠፍ ዳሃቦ ወርሳሜ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበረች።

በማግስቱ ወርሳሜ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጥጡን ክንዱ ላይ እንደለጠፈ ቀፊራ ገባ። ለአብዲቃድር ሁለት ጊዜ ነገረው፣ ላልጠየቁትም ነገረ። ገና ወሬው ሳያልቅ ከዋሂል ገጠር የምትመላለስ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጣሳ ማሽላ አለችው። ጣሳውን ጆንያው ውስጥ ነክሮ አወጣና ሊገለብጥላት ሲል አውራ ጣቱን አያት። ሃያ ዓመት የለመደችው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ያዘለችውን ልጅ እያስተካከለች ስለነበር ምንም አላየችም።

ወርሳሜ ማሽላውን ጆንያው ውስጥ መልሶ ደፋው። ጣሳውን ከውጭ፣ በሁለት መዳፉ ይዞ እንደገና ሰፈረ። አያያዙን ስላልለመደው ትንሽ አፈሰሰ።

"ምነው ዛሬ ጣሳህ ሞላ?" አለችው ሴትዮዋ።

"ልጄ ሐኪም ናት" አላት።