የሱዛና መመለስ

ምልክት ያደረግሁበትን የሩዝ ጭድ ከመጽሐፉ ገጾች መሃል አወጣሁና ባለፈው እሁድ ያቆምኩበትን መስመር በጣቴ ፈለግሁ። እትዬ ይርገዱ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ከሩዙ ጠጠር መልቀም ቀጠሉ። ጎረቤታቸው እትዬ ጸሐይነሽ የራሳቸውን ሰፌድ ገና አልነኩትም።

«አባትየው ደብዳቤውን መልሶ ላከው፤ እዚያ ላይ ነህ» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሳይከፍት?»

«ሳይከፍት።»

«እጁ ይሰበር! እንግሊዝም እንዲህ ነው እንዴ?»

እትዬ ይርገዱ ቀና አላሉም።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው፤ ወረታ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ። የተከራየሁት ጋሽ አዛናው ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። ጋሽ አዛናው ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝና ከብት ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ እትዬ ይርገዱ ሚስታቸው። መጽሐፉን ያገኘሁት ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ ከመጡ ካርቶኖች ውስጥ ነው። ሦስት ቅጽ ያለው፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የተጻፈ ልብ ወለድ፤ ታሪኩ ሁሉ በደብዳቤ የሚነገር። ሱዛና የምትባል ልጅ አባቷ የመረጠላትን ባል እምቢ ብላ ከቤት ትወጣለች። ለአባቷ ትጽፋለች፤ አባቷ ደብዳቤዎቿን ሳይከፍት ይመልሳል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳነብ፣ እትዬ ይርገዱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከሰዓት ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ጀመር።

ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጃቸው ፀደይ ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠፍታ መተማ ገብታ ነበር፤ ለሰሊጥ ሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ደብዳቤዎቿ በጎንደር መንገድ በሚመጡ የጭነት መኪና ረዳቶች እጅ ይደርሳሉ። እስከዚያ ድረስ አራት ደርሰዋል። ጋሽ አዛናው አንዱንም አልከፈቱም፤ አልጣሉምም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የማርያም ሥዕል ጀርባ ሸጉጠዋቸዋል። ሚስታቸውን ደግሞ «ብታስከፍቺው ሞቼ አትቅበሪኝ» ብለው ገዝተዋቸዋል። ይህን ግዝት ማን ይጥሳል? ስለዚህ እትዬ ይርገዱ የሰው ልጅ ደብዳቤ ያዳምጡ ነበር።

በዚያ እሁድ ሁለተኛውን ቅጽ ጨረስኩ። የሚያልቀው ሱዛና ታማ አልጋ ላይ ሳለች ነው። መግቢያው ላይ ያነበብኩትንም ነገርኳቸው። ደራሲው ቅጾቹን ያወጣው እያቆራረጠ ነው፤ እዚህ ላይ ሲደርስ አንባቢዎች አትግደላት እያሉ በደብዳቤ አጨናነቁት። አንዲት ሴት እህል አልወርድ እንዳላት ጻፈችለት። አንድ ቄስ ደግሞ ስሟን በጸሎት እንዳነሣ።

«እኛም እንጻፍለት» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ።

«ሞቷል እኮ። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ አንተ አለህ አይደል!»

ሳቅን። እትዬ ይርገዱ አልሳቁም።

«መምህር» አሉኝ፣ «አደራህን።»

ጋሽ አዛናው ደጁ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ማጭድ ይስሉ ነበር። የሩዝ አጨዳ እየደረሰ ነው። እንደማይሰሙ ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ ግን የሱዛናን ደብዳቤ ማንበብ ስጀምር የመሳያው ድንጋይ ድምፅ ይቆማል።

በዚያው ሳምንት አምስተኛው ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ የቤት ኪራይ ልሰጥ ስገባ ጋሽ አዛናው አምስቱንም ከሥዕሉ ጀርባ አውርደው መደቡ ላይ ደርድረዋቸዋል። አንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያገላብጡታል። ሲያዩኝ አልደበቁትም።

«ያቺ ልጅ ነገ ምን ትሆናለች?» አሉኝ።

«ነገ ያልቃል፣ ጋሽ አዛናው።»

«እንግዲህ እንሰማለና።»

ሦስተኛው ቅጽ ቀጭን ነው፤ ለብቻዬ አንብቤ ጨርሼው ነበር። ሱዛና ትሞታለች። አባትየው በመጨረሻ የአንዱን ደብዳቤ ማኅተም ሰብሮ ያነብና ፈረሱን ጭኖ ይሄዳል፤ ሲደርስ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነው።

እሁድ ጥቅምት 20 ተቀመጥን። አደራ ያሉኝን ሴት ፊት እያየሁ እንደተጻፈው ማንበብ አልቻልኩም። አባትየው ደብዳቤውን በጊዜ ከፍቶ እንዲደርስላት ማድረግ እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። ግን ጋሽ አዛናው ደጁ ላይ ናቸው። በገዛ ቤታቸው ልመክራቸው የተነሣሁ እንዳይመስላቸው ፈራሁ። ስለዚህ ሱዛና ተሻላት። ከአልጋዋ ተነሣች። በገና ዋዜማ በእግሯ መጥታ የአባቷን በር አንኳኳች።

እትዬ ጸሐይነሽ እልል አሉ። እትዬ ይርገዱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጋሽ አዛናው ማጭዱን ይዘው ብድግ አሉ። «አየሽ?» አሉ ለሚስታቸው። «የምትመለስ ልጅ በራሷ ጊዜ ትመለሳለች።»

ወደ ውስጥ ገቡ። በክፍቱ በር ደብዳቤዎቹን ከመደቡ አንሥተው መልሰው ከሥዕሉ ጀርባ ሲሸጉጡ አየኋቸው። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። መጽሐፌን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

የፀደይ መርዶ የተነገረው በኅዳር ሚካኤል ማለዳ ነው። ያመጣው አብሯት የሠራ ደረሰ የሚባል ሰው ነበር። ወባ ነው አለ። ኅዳር 9 ሞታ እዚያው መተማ ተቀብራለች።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ ጋሽ አዛናው ደብዳቤዎቹን በራሳቸው እጅ አምጥተው ሰጡኝ። «ክፈታቸው» አሉ። እትዬ ይርገዱና እትዬ ጸሐይነሽ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በየቀናቸው ቅደም ተከተል አነበብኳቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይቅርታ ነበሩ። አምስተኛው አጭር ነው፤ የተጻፈው ጥቅምት 8።

«አባቴ ሆይ፣ ታምሜያለሁ። ብቻዬን መኪና ላይ መሳፈር አልችልም። ሰው ቢመጣልኝ እመጣለሁ። ባይመጣም እርስዎን አልቀየምም።»

«ሰው ቢመጣልኝ ነው ያለች?» አሉ እትዬ ይርገዱ።

«አዎ።»

«እስኪ ድገመው።»

ደገምኩት። ደብዳቤው ወደ ሥዕሉ ጀርባ ከተመለሰበት ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 9 አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። መተማ በመኪና አንድ ቀን።

«ጋሽ አዛናው» አልኩ። «መጽሐፉ ላይ ሱዛና አልተመለሰችም። እኔ ነኝ የመለስኳት።»

እትዬ ጸሐይነሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ አዛናው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን?»

«እትዬ ይርገዱ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። አባትየው እንዲሄድላት ማድረግ ደግሞ ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እሷም ይኸንኑ ፈርታ ነው የሄደች» አሉ። ቀጥሎም «ሂድ አምጣና አንብበው። እንዳለ» አሉ።

«አዛናው፣ ተወው» አሉ እትዬ ይርገዱ። «ምን ያደርግልሃል?»

«ያንብበው።»

ሄጄ ሦስተኛውን ቅጽ አመጣሁ። የለወጥኩት የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች ነው። እንደተጻፈው፣ መስመር በመስመር እየመለስኩ አነበብኩ፤ ሕመሙን፣ ሞቷን፣ የተሰበረውን ማኅተም፣ ፈረሱን፣ አዲሱን መቃብር። ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆምኩ ቁጥር ጋሽ አዛናው «ቀጥል» ይሉኛል። እትዬ ይርገዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

«ሌሎቹንስ ደብዳቤዎች አስመጥቶ አነበባቸው?» አሉ ጋሽ አዛናው ስጨርስ።

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«አየህ ወይ በደንብ?»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፤ ከጀርባው ባዶ ነበር። አሳየኋቸው። ማንበብ ባይችሉም ባዶውን ወረቀት በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋሁና መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።